ሰማያዊ ዊግ፣ የፎም ሰይፍና መሀል የቆመች እናት

ዓመቱን ሙሉ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ አማትና ስለ ወረቀት ጉዳይ ስትጽፉልኝ ትከርሙና ሐምሌ ሲጋመስ ጥያቄያችሁ ድንገት ይለወጣል። ምክንያቱን አውቃለሁ። ኦታኮን እየደረሰ ነው። በሐምሌ መጨረሻ ወይም በነሐሴ መግቢያ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ የሚደረገው የአኒሜ፣ ማለትም የጃፓን ካርቱን ፊልም፣ ወዳጆች ጉባኤ ማለቴ ነው፣ ያ ከተማው በሙሉ ዊግ ያጠለቀ የሚመስልበት ቅዳሜና እሁድ። ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አምስቱን መርጫለሁ። ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ ፈረንጆቹ ነው፣ በእኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።

«እህቴ፣ እንደምን ከርመሻል። የ16 ዓመት ልጅ አለችኝ። ጎበዝ ተማሪ ናት፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን አትቀርም፣ አስቸግራኝ አታውቅም። ዘንድሮ ግን ኦታኮን የሚባል ቦታ ከጓደኞቼ ጋር ካልሄድኩ ብላ ቤቱን አናወጠችው። ሰማያዊ ፀጉር ገዝታለች። ክፍሏ ገብቼ ባይ ከፎም ሰይፍ እየሠራች ነው። አባቷ ‹ይሄ የሰይጣን ጨዋታ ነው፣ ከኔ ቤት እንዲህ ለብሶ የሚወጣ የለም› ብሏል። ደግሞ ፍልሰታ ላይም ይውላል። ለመሆኑ ምንድን ነው ይሄ ነገር? ልልቀቃት ወይስ አልልቀቃት?» መሀል የቆመች እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

እህቴ፣ መጀመሪያ እኔ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የኳስ ፌስቲቫላችን ሄደሽ ታውቂያለሽ አይደል? በ1984 የተጀመረው፣ በየዓመቱ በጁላይ 4 ሰሞን ከተማ እየቀያየረ የሚደረገው። እውነቱን ንገሪኝ፣ ስንት ጨዋታ ተቀምጠሽ አይተሻል? እኔ አንድም አላየሁም። ጥብሴን በልቼ፣ ባንዲራ ያለበት ቲሸርት ገዝቼ፣ ሃያ ዓመት ያላየኋትን የክፍል ጓደኛዬን አቅፌ አልቅሼ፣ ማታ ደግሞ ዘፈን ሰምቼ ድምፄ ተዘግቶ ነው የምመለሰው። ኳሱ ሰበብ ነው። እዚያ የምንሄደው ዓመቱን ሙሉ የሥራ ቦታ ስማችንን አጣመው ሲጠሩን ከርመን፣ ለሦስት ቀን ራሳችንን ማስረዳት የማያስፈልገን ቦታ ለመሆን ነው።

ኦታኮንም ይኸው ነው። ልጅሽ ትምህርት ቤት ውስጥ የምትወደውን ነገር የሚያውቁላት ምናልባት ሦስት ልጆች ናቸው። እዚያ ስትገባ በአሥር ሺዎች ይሆናሉ።

ስሙ የመጣው ኦታኩ ከሚለው የጃፓን ቃል ነው። ቃሉ በቀጥታ ሲፈታ «ቤትዎ» ማለት ነው፣ እኛ «እርስዎ» እንደምንለው ያለ የአክብሮት አጠራር ነበር። በ1980ዎቹ ነው በካርቱንና በኮሚክ ፍቅር ላበዱ ሰዎች መጠሪያ የሆነው፣ መጀመሪያ ላይም ስድብ ነበር። አሜሪካኖቹ ግን ስድቡን አንስተው ኮንቬንሽን ከሚለው ቃል ጋር ገጣጠሙትና የበዓላቸው ስም አደረጉት። በ1994 ፔንሲልቬንያ ውስጥ ስቴት ኮሌጅ በምትባል የተማሪ ከተማ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ፣ 350 ያህል ሰው ሆነው ጀመሩት። ትልቅ ሠርግ እንኳ ከዚያ ይበልጣል። በ1999 ባልቲሞር ገባ። እዚያ እያደገ እያደገ በ2013 ከ34,000 ሰው በላይ ሲደርስ ቦታው ጠበበው፣ በ2017 ወደ ዲሲ ተዛወረ። በ2020 በኮቪድ ምክንያት ሳይደረግ ቀረ። አሁን ከ40,000 በላይ ሰው ይመጣል።

እኔን የገረመኝ ግን ብዛቱ አይደለም። ይህን ሁሉ ሰው የሚያስተናግዱት ደሞዝ የማይከፈላቸው ሰዎች ናቸው። አዘጋጁ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው፣ ሠራተኞቹ በሙሉ በጎ ፈቃደኞች። ሰልፉን የሚያስይዘው፣ የጃፓን እንግዶቹን የሚቀበለው፣ ሌሊት ኬብል የሚጠቀልለው ሰው ሰኞ ቢሮ የሚገባ የባንክ ሠራተኛ ወይም ነርስ ሊሆን ይችላል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ስም አለው። ማኅበር ነው፣ ዕድር ነው። ጠላ ጠማቂና ድንኳን ተካይ ያለው፣ ሟች ብቻ የሌለበት ዕድር።

ውስጡ ምን አለ? እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የሄድኩት የእህቴን ልጅ ላደርስ ነበር፣ በር ላይ ጥዬው ልመለስ፣ ከዚያ «ትንሽ ልይ» ብዬ ገባሁና ማታ ወጣሁ። አንድ ትልቅ የሻጮች አዳራሽ አለ፣ መርካቶን በአየር ማቀዝቀዣ አስቢው፣ አሻንጉሊት፣ መጽሐፍ፣ ቲሸርት፣ ሰው በሰው ላይ። አርቲስት አሌይ የሚሉት መደዳ ደግሞ አለ፣ ወጣት ሠዓሊዎች የራሳቸውን ሥራ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው የሚሸጡበት። ለኔ የቦታው ልብ እሱ ነው። በየክፍሉ ውይይት ይደረጋል፣ ማስክሬድ በሚባለው ዝግጅት ልብስ የሠሩ ሰዎች መድረክ ላይ ወጥተው አጫጭር ትዕይንት እያሳዩ ይወዳደራሉ። ከጃፓን ዳይሬክተሮች፣ ድምፅ ተዋንያንና ሙዚቀኞች ይመጣሉ። ላርክ አን ሲየል የተባለው የጃፓን ሮክ ባንድ በ2004 አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያ ኮንሰርቱን ያደረገው በዚሁ በኦታኮን ላይ ነው፣ ባልቲሞር፣ 12,000 ሰው ያህል ፊት።

አሁን ወደ ባለቤትሽ። ሰይጣን ያለው ልብሱን አይቶ ይመስለኛል። እስቲ ልጅ ሆኖ ምን ይጫወት እንደነበር ጠይቂልኝ። እኛ ሰፈር የቆርኪ ጸናጽል ሠርተን፣ የእናታችንን ነጠላ ካባ አድርገን፣ ቄስ ሆነን እንቀድስ ነበር። ደግሞ ንጉሥ እንሆናለን፣ ሽፍታ እንሆናለን፣ ሽፍታ መሆን የማይፈልግ ልጅ አልነበረም። ማንም ሽፍታ ሆኖ አልቀረም። የወደዱትን ገጸ ባሕርይ መስሎ መልበስ፣ ኮስፕሌይ የሚሉት ነገር፣ ያው ነው። ልዩነቱ ልጅሽ ሰይፉን ለመሥራት ሒሳብ መሥራቷ፣ መቁረጧ፣ ማጣበቋ፣ ቀለም መቀባቷ ነው።

ይህን ስል ሁሉም አኒሜ ለልጅ ነው እያልኩሽ አይደለም። አይደለም። ደም የሚፈስበት አለ፣ ለአዋቂ ብቻ የሆነ አለ፣ ጋኔንና መንፈስ የሞላበትም አለ። ኦታኮን ውስጥ ከ18 ዓመት በታች የማይገባባቸው ዝግጅቶች አሉ፣ በር ላይ መታወቂያ ይጠየቃል። አንቺ ማድረግ ያለብሽ የምታየውን አብረሻት ቁጭ ብለሽ ማየት ነው፣ ሁለት ክፍል ብቻ። ካየሽ በኋላ የምትይው «አይሆንም» እንኳ ቢሆን ትሰማሻለች፣ ሳታዪ የምትይውን ግን አትሰማሽም።

የኔ ስጋት ሌላ ነው። አንደኛ ፎቶ። ጥሩ ልብስ የለበሰ ሰው በየአሥር እርምጃው «ፎቶ ላንሳሽ?» ይባላል። አብዛኛው ሰው በጨዋ ደንብ ይጠይቃል፣ እዚያ «ኮስፕሌይ ፈቃድ አይደለም» የሚል ያልተጻፈም የተጻፈም ሕግ አለ፣ ማለትም ልብሱን ለብሳለች ተብሎ አይነካኳትም፣ ሳትጠየቅም አትነሳም። ግን ልጅሽ «አይ» ማለትን ቤት ውስጥ ትለማመድ። የኛ ልጆች ትልቅ ሰው ሲጠይቃቸው እምቢ ማለት ነውር ነው ተብለው አድገዋል፣ እኛው ነን ያስተማርናቸው፣ ይሄ ነገር እዚህ አገር ዋጋ ያስከፍላል። ሁለተኛ፣ የማንም ሆቴል ክፍል አይገባም። «ልብሴን ላስተካክል፣ ጓደኞቼ እዚያ ናቸው» የለም። ሦስተኛ፣ ስልክ ይሞታል፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ኔትወርክም ይሰንፋል፣ ስለዚህ ሲጠፋፉ የሚገናኙበት አንድ ቦታና አንድ ሰዓት ቀድመው ይቁረጡ። አራተኛ፣ የሰይፉ ነገር፦ እውነተኛ ስለትና ጠመንጃ ክልክል ነው፣ የፎሙ ግን ታይቶ ይገባል። የመሣሪያ ደንባቸውን ድረ ገጻቸው ላይ ከመሄዷ በፊት ታንብበው፣ በር ላይ ሰይፏን ተቀምታ ስታለቅስ እንዳታዪ።

ፍልሰታውን በተመለከተ። ጾሙ ላይ የሚውልበት ዓመት አለ፣ በ2025 ከኦገስት 8 እስከ 10 ነበር፣ በእኛ ከነሐሴ 2 እስከ 4። ቅዳሜና እሁድ ያው ከጥሉላት እንጂ ከእህል አይጾምም፣ ችግሩ ዓርብ ነው። በዲሲ ሙቀት፣ ዊግ አድርጋ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳትጠጣ እንድትቆም አልመክርም፣ ንስሐ አባቷን ታማክር። ምግቡ ግን ቀላል ነው። አዳራሹ ውስጥ የሚሸጠው ውድም ነው፣ የጾም ማግኘትም ያደክማል፣ ግን ጉባኤው የሚደረግበት የዋልተር ዋሽንግተን ኮንቬንሽን ሴንተር በ7ኛና በ9ኛ ጎዳና መሀል ነው ያለው። 9ኛ ጎዳናን ይዘሽ ወደ ሰሜን ስትወጪ፣ ዩ ስትሪት ሳትደርሺ፣ የኛ ምግብ ቤቶች ናቸው። በእግር ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው፣ በሜትሮ ደግሞ በአረንጓዴው መስመር ሁለት ፌርማታ። አምና እዚያ በያይነቱ ስበላ ጎኔ ያለው ጠረጴዛ ላይ ክንፍ ያለው መልአክ፣ ቀንድ ያለው ጋኔንና አንዲት ሮዝ ፀጉር ልጅ አንድ ትሪ ከበው ሽሮ ይጠቅሱ ነበር። አስተናጋጇ ዞር ብላ እንኳ አላየቻቸውም። ለምዳቸዋለች።

ስለዚህ ልቀቂያት፣ ግን ለመጀመሪያው ዓመት ብቻዋን አትልቀቂያት። ባጅ፣ ማለትም የመግቢያ ካርዱን፣ ግዢና አብረሽ ግቢ። ወይም ባለቤትሽን ላኪው። ጃፓንን በአበበ ቢቂላ የቶኪዮ ድል የሚያውቅ ሰው ከሆነ ከነዚህ ልጆች ጋር የሚያወራው አያጣም። አበበ በ1964 ከሮም ቀጥሎ ማራቶኑን ሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈው እዚያ ነው፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው። ይህን ለአንድ የጃፓን ታሪክ ወዳጅ ቢነግረው አይለቀውም።

«እትዬ፣ ሰላም ነው? ባጄን ገዝቻለሁ፣ የመጀመሪያዬ ነው። ለሦስቱ ቀን 300 ዶላር ይዣለሁ። እንዳልቀልጥ ምን ላድርግ?» ከአሌክሳንድሪያ

ትቀልጣለህ፣ ግን በልክ ቅለጥ።

ባጅህን አስቀድመህ መግዛትህ ጥሩ ነው፣ ቀኑ በቀረበ ቁጥር ስለሚወደድ። አብዛኛውን ጊዜ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ባጅ መውሰድ ይቻላል፣ ያን ቀን ውሰደው፣ ዓርብ ጠዋት የሚሰለፈውን ሰው ስታይ ትመርቀኛለህ። መኪና ይዘህ አትምጣ። ከአሌክሳንድሪያ በቢጫው መስመር ተሳፍረህ ማውንት ቨርነን ስኩዌር የሚለው ጣቢያ ትወርዳለህ፣ መውጫው አዳራሹ እግር ሥር ነው። ለመኪና ማቆሚያ የምትከፍለው አንድ ቲሸርት ይገዛልሃል።

ገንዘቡን ለሦስት ክፈለው። አንዱን ዓርብ አትንካው። ሁሉም ሰው ዓርብ ሻጮች አዳራሽ ገብቶ በመጀመሪያው ሰዓት ያየውን ትልቅ አሻንጉሊት ይገዛል፣ ከዚያ ለሦስት ቀን ተሸክሞት ይዞራል። ዓርብ ዙር፣ ዋጋ ጠይቅ፣ የወደድከው የትኛው መደዳ እንዳለ ስልክህ ላይ ጻፍ። ከፋብሪካ የወጣ ዕቃ በኢንተርኔትም ታገኘዋለህ፣ እሁድ ከሰዓት አንዳንዱ ሻጭ ይዞ ላለመመለስ ዋጋ ይሰብራል። በእጅ የተሠራው ግን እንደዚያ አይደለም። አርቲስት አሌይ ላይ የወደድከው ሥዕል ካለ ቅዳሜ ሳይመሽ ግዛው። እሁድ አታገኘውም። ደግሞ እባክህ የሠዓሊ ልጅን ዋጋ አትከራከር፣ እኛ ሐበሾች ይሄ አመል አለብን፣ ልጅቷ ያን ጠረጴዛ በገንዘቧ ተከራይታ ነው የቆመችው።

ዘወትር የሚሉት አንድ ደንብ አላቸው፣ 6-2-1 ይሉታል። በቀን ስድስት ሰዓት እንቅልፍ፣ ሁለት ጊዜ ምግብ፣ አንድ ጊዜ ሻወር። ሦስተኛውን እንዳትረሳ። ነሐሴ፣ ዲሲ፣ 40,000 ሰው፣ ፖሊስተር ልብስ። ከዚህ በላይ አልናገርም።

«እትዬ፣ 19 ዓመቴ ነው። ኮስፕሌይ መጀመር በጣም እፈልጋለሁ፣ ግን የምወዳት ገጸ ባሕርይ ነጭ ቆዳና ቢጫ ፀጉር ናት። እኔ ጠይም ነኝ። ኢንተርኔት ላይ ጥቁር ልጆችን እንዴት እንደሚሰድቧቸው አይቻለሁ። ጓደኛዬ ደግሞ ‹ለምን ጥቁር የሆነች አትመርጪም?› አለችኝ። የመረጥኩት እሷን ነው። ምን ትይኛለሽ?» ያላበቀለች ክንፍ፣ ከፎልስ ቸርች

የኔ እናት፣ የመረጥሻትን ልበሺ።

ስድቡ የለም አልልሽም። አለ። ያየሽው እውነት ነው፣ በተለይ ፎቶሽ ኢንተርኔት ላይ ከወጣ በኋላ ስምም ፊትም የሌለው ሰው የሚጽፈው ነገር። ጥቁር ኮስፕሌየሮች ይህ ስለመረራቸው ነው በ2015 ፌብሩዋሪን ሙሉ፣ 28ቱንም ቀን፣ በየቀኑ የጥቁር ኮስፕሌየሮችን ሥራ ማሳየት የጀመሩት፣ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ይደረጋል። ገብተሽ እያቸው። ከዚያ ውስጥ ያንቺው ገጸ ባሕርይ ራሷ ባትኖር ይገርመኛል።

አዳራሹ ውስጥ ያለው ግን ከኢንተርኔቱ በጣም ይለያል። ይሄ ዲሲ ነው። ከባልቲሞር፣ ከፕሪንስ ጆርጅ፣ ከሪችመንድ የመጣ ጥቁር ወጣት አዳራሹን ሞልቶት ታያለሽ፣ እናትና ልጅ አንድ ዓይነት ለብሰው፣ ጥንዶች፣ ጎልማሶች። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት የጠበቅሁት ብቻዬን ጥቁር ሆኜ መዋልን ነበር፣ የሆነው ግን ከትከሻዬ ላይ የሆነ ነገር መውረድ ነው። ደግሞም ልብ በይ፣ ከጃፓናዊ እርሳስ የወጣች ቢጫ ፀጉር ያላት ሥዕል የማንም ዘር አይደለችም፣ አይኗ የፊቷን ግማሽ የሚያህል ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ነጯም ልጅ ስትለብሰው መምሰል አትችልም። ሁሉም እኩል ነው የሚጀምረው።

ቆዳሽን ለማንጣት ምንም አትቀቢ። ይልቅ ዊጉ ላይ ድከሚ። በጣም ደማቅ ከሆነው ቢጫ ይልቅ ወደ ማር የሚያደላው ጠይም ፊት ላይ ያምራል፣ ግን እሱን መስተዋት ፊት አንቺ ነሽ የምታውቂው። ከሥሩ ሹሩባ ተሠሪ፣ ቀጭን፣ ከራስ ቅል ጋር የተጣበቀ፣ ከላዩ የዊግ መረብ። ሌሎቹ ልጆች ፀጉራቸውን በሃምሳ ሽቦ ሲታገሉ አንቺ በአሥር ደቂቃ ትጨርሻለሽ። እናቶቻችን ሳያውቁት ለዚህ ነበር ያሠለጠኑን።

ልብሱን ደግሞ ሁሉንም ራሴ ልሥራ አትበይ። መስፋት የምትችል አክስት የሌላት ሐበሻ የለችም። ጥበብ ሰፍታ ለሠርግ የምታደርስ ሴት የዚያችን ካባ ጠርዝ በአንድ ማታ ትጨርሰዋለች፣ ሥዕሉን ካሳየሻት። የኔዋ ባለ ስፌት መኪና ጎረቤት የእህቴን ልጅ ኮት እየሰፋች «ይሄ ሰውዬ ሦስተኛ እጅጌ ምን ያደርግለታል?» ስትል ነበር። ሰፋችው ግን።

የነሐሴው ብዙ ሆኖ ካስፈራሽ ካትሱኮን የሚባል ሌላ ጉባኤ አለልሽ። እሱ በፌብሩዋሪ የፕሬዝዳንቶች ቀን ሰሞን ናሽናል ሃርበር ላይ፣ ጌይሎርድ ሆቴል ውስጥ ይደረጋል። ከ1995 ጀምሮ አለ። ጣሪያው መስታወት የሆነ ሰፊ ቦታ አለው፣ ነጭ ድንኳን መሳይ ቤት መሀሉ ላይ፣ ኮስፕሌየሮች ፎቶ ለመነሳት የሚጋፉበት። ብርድ ስለሆነ ወፍራም ልብስ ያላት ገጸ ባሕርይ እዚያ ይሻላታል።

«ጤና ይስጥልኝ። እኔ አዲስ አበባ ነው ያለሁት። እናንተ ዘንድ ይሄ ሁሉ ሲደረግ በስልክ እያየን እንቀናለን። ለኦታኮን ብዬ ቪዛ ብጠይቅ ይስቁብኛል? ካልሆነስ እዚህ እንዲህ ያለ ነገር ለማድረግ ስንት ሚሊዮን ያስፈልጋል?» ከገርጂ

ወንድሜ፣ ለቪዛው ማንም አይስቅብህም፣ የጎብኚ ቪዛ የሚጠየቀው ለጉብኝት ነው፣ አንድ ጉባኤ ማየትም ጉብኝት ነው። ግን ቃለ መጠይቅ አድራጊው የሚያየው የምትሄድበትን ሳይሆን የምትመለስበትን ነው፣ ሥራህን፣ ቤተሰብህን፣ ትምህርትህን። ባጅና ቲኬት ቀድመህ ገዝተህ እንዳትቀርብ፣ ብሩ እንዳይቀልጥ።

ሁለተኛው ጥያቄህ ነው ደስ ያለኝ። ስንት ሚሊዮን? ዜሮ። ከላይ ለእናትየዋ የጻፍኩትን ተመልከት፣ ኦታኮን ሲጀመር 350 ሰው ያህል ነበር። ሌላም ልንገርህ። ቶኪዮ ውስጥ ኮሚኬት የሚባል የአድናቂዎች ገበያ አለ፣ ሰዎች ራሳቸው ሥለው ራሳቸው ያሳተሙትን ኮሚክ የሚሸጡበት። ዲሴምበር 21 ቀን 1975 ሲጀመር የሚሸጡት ቡድኖች 32 ነበሩ፣ ሊያይ የመጣው ሰው 700 ያህል። በ2019 መጨረሻ የተደረገው በአራት ቀን ውስጥ 750,000 ሰው ገባበት። እሱንም የሚያስኬዱት በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

ስለዚህ ከአዳራሽ አትጀምር፣ ከጠረጴዛ ጀምር። ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ካፌ ለምነህ አስፈቅድ፣ ሠላሳ ሰው የሚይዝ ክፍል ያለው፣ ቡናና ማኪያቶ እንደምትጠጡ ቃል ገብተህ። የሚስሉ ልጆች ሥራቸውን ይዘው ይምጡ። አዲስ አበባ ውስጥ በደብተር ጀርባ የሚስል ልጅ ሞልቷል፣ ሥዕሉን እናቱ እንኳ አላየችውም። ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዳችሁ አሥራ ስድስት ገጽ አባዝታችሁ ስቴፕል ብትመቱት መጽሐፍ ነው፣ የጃፓኖቹም እንደዚያ ነው የጀመረው። በፊደላችን፣ በአማርኛ፣ ንግግሩ በክቧ ውስጥ ተጽፎ። እኔ ከዚህ ሆኜ ገንዘብ ልኬ እገዛዋለሁ።

ፊልም በአደባባይ ማሳየት ግን ተጠንቀቁበት፣ የሌላ ሰው ንብረት ነው፣ ፈቃድ ይጠይቃል። የጃፓን ኤምባሲን በር ማንኳኳትም አይከፋም፣ ባህላቸውን ማስተዋወቅ አንዱ ሥራቸው ነው። ገንዘብ ያዥ ምረጡ፣ ከሁላችሁም በጣም ደባሪውን። የኛ ማኅበሮች የሚፈርሱት በፍቅር ማጣት አይደለም፣ በሒሳብ ነው። መብራት ከሄደ ደግሞ ሻማ አብርታችሁ ቀጥሉ፣ ሥዕል በሻማም ይታያል።

«እህቴ ሰላም ላንቺ ይሁን። እኔ ዲሲ ውስጥ ታክሲ እነዳለሁ። ባለፈው ዓመት አንዷ የአሞራ ክንፍ የሚያህል ክንፍ ለብሳ ኋላ ወንበር አልገባ አለች። ወረፋዬ ተላለፈ። ክንፉን አውልቂው ስላት ልታለቅስ ሆነ። ዘንድሮ ምን ላድርግ? ደግሞስ እነዚህ ልጆች ጤነኛ ናቸው?» ከዲሲ

ወንድሜ፣ ጤነኞች ናቸው። ያ ክንፍ ሦስት ወር ፈጅቶባት ይሆናል፣ ለማውለቅም ሁለት ሰው ያስፈልግ ይሆናል፣ ለዚህ ነው ልታለቅስ የሆነችው።

በነዚያ ሦስት ቀናት የመኪናህን ዕቃ መጫኛ ባዶ አድርገህ ውጣ። የፊተኛውን ወንበር ወደ ኋላ ሳበውና አስተኛው፣ ክንፉ በዚያ በኩል ይገባል፣ እሷ ከኋላ በጎን ትቀመጣለች። አንድ ጥቅል ፕላስተርና መርፌ ቁልፍ መሳቢያህ ውስጥ ይኑር፣ መንገድ ላይ የማይገነጠል ልብስ የለም፣ ከቲፑም ባሻገር በጣም ይመርቁሃል። ቀዝቃዛ ውኃ ብትይዝ ደግሞ የተሻለ። እሁድ ከሰዓት ሲያልቅ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚወጣ፣ ሰልፉ በረዘመበት በር ሳይሆን አንድ ሁለት ጎዳና ራቅ ብለህ ቁም። ሻንጣና ሰይፍ ይዘው ወደ ዩኒየን ስቴሽን የሚሄዱት በዚያ በኩል በእግር ጀምረው ሙቀቱ ሲያሸንፋቸው እጃቸውን ያነሳሉ።